ኧረ አንተ ቅደም!

ዲስክ ጎልፍ ሲበዛ ቀላል ነገር ነው። ከሲሚንቶዋ መደብ ላይ ሆነህ ዲስኳን፣ ያቺን ሳህን የምትመስል ክብ ፕላስቲክ፣ ትወረውራለህ፣ የወደቀችበት ሄደህ ደግሞ ከዛ ትወረውራለህ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ስትገባ በስንት እንዳስገባህ ቆጥረህ ወደሚቀጥለው። አርሊንግተን ቨርጂኒያ ብሉሞንት ፓርክ ያለው ሜዳ 9 ቅርጫት ብቻ ነው ያለው፣ ደግሞ በነፃ ነው፣ ፈረንጆቹ ቶሎ ቶሎ ወርውረው ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። እኛ ሀበሾች አራት ሆነን ከገባን ግን ምሳ ቋጥሮ መምጣት ነው።

ለምን ቢባል፣ ማን ይቅደም? ህጉ ግልፅ ነው፣ ባለፈው ቅርጫት ላይ ባነሰ ውርወራ ያስገባ ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ ከቅርጫቱ የራቀው ይወረውራል። ህጉን ያወጣው ሰው ግን ሀበሻ ገጥሞት አያውቅም። "ጋሼ እርስዎ ይጀምሩ" "ኧረ እናንተ እያላችሁ፣ እኔ ሽማግሌው?" "በሞቴ" "አንተ አትሙት፣ ግን አይሆንም" እየተባለ ከኋላችን ቦርሳ ያዘሉ ሁለት ፈረንጆች ዲስካቸውን በፎጣ እየወለወሉ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ፣ እኛ ደግሞ ይሉኝታ ይይዘንና "ፕሊስ ፕሊስ እናንተ እለፉ" እንላለን፣ እነሱም "ኖ ኖ" ይላሉ፣ በቃ ተጋባባቸው፣ አሁን ስድስት ሰው ቆሞ እየተለማመነ ነው።

በስንት ልመና ጋሼ ወረወሩ። ዛፍ ላይ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው እዚህ ሜዳ ላይ ነው የሚገባህ። ያንን ለማውረድ ሌላ ዲስክ ተወረወረ፣ እሱም እዛው ቀረ፣ ቀጥሎ ጫማ። አንዱ ወዳጃችን ደግሞ አንድም ጊዜ ወርውሮ የማያውቅ ግን አሰልጣኝ የሆነ ሰው ነው፣ እጁን ኪሱ ከቶ "ወደ ግራ ነበር እኮ" ይላል፣ ጫማው ዛፍ ላይ ከቀረ በኋላ። ሌላው ገና ፓተርና ድራይቨር፣ የቅርብና የሩቅ መወርወሪያ ዲስክ ማለት ነው፣ ሳይለይ ቦርሳ ሙሉ ዲስክ ገዝቷል፣ ለጀማሪ ሶስቱ ይበቃል ብትለው "ሰው ምን ይላል" ነው መልሱ።

ቆጠራው ላይ ነው ጉዱ። ዳኛ የለም፣ ሰው የራሱን ይናገራል፣ ይታመናል። እኛ ጋ ዳኛ የለም ማለት ሁሉም ዳኛ ነው ማለት ነው። አንዱ "አራት" ሲል ሶስት ሰው አንድ ላይ "የምን አራት፣ ዛፉን የመታኸውስ?!" አምስተኛው ቅርጫት ጋ ሽምግልና ተቀምጠን ጋሼ "በቃ አራት ተኩል ይሁንለት፣ ተሳሳሙ" ብለው ፈረዱ።

እርቁ ሲያልቅ ጉግል የማይጠፋበት አንዱ ታሪክ ጀመረ። ይቺን የሰንሰለት ቅርጫት የፈጠራት ኤድ ሄድሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ1975 ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ የሰራውም እሱ ነው፣ 2002 ላይ ሲሞት ደግሞ በኑዛዜው መሰረት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ሆነ። ጋሼ ቀጥ አሉ። አማተቡ። ከዛ በእጃቸው ያለችውን፣ ያገለገለች ብለን በርካሽ የገዛንላቸውን ዲስክ ገለበጡና ጀርባዋ ላይ በማርከር የተፃፈ የደበዘዘ የሰው ስም ከነስልክ ቁጥሩ አዩ። ቢጠፋ እንዲመለስለት ባለቤቱ የፃፈው ነው እኮ ጋሼ ብንል ማን ሰምቶን፣ "ምስኪን፣ ፍትሃት እንኳን ሳይደረግለት" ብለው በሶፍት ጠቅልለው ያዟት፣ ሰውየው በህይወት አለ ይደወልለት ሲባልም "የሞተ ሰው ጋ አልደውልም" አሉ። የቀረውን ሁሉ በተውሶ ዲስክ ነው የጨረሱት፣ ያቺን ግን መሬት አላስነኳትም።

መጨረሻ ላይ ያው ቡና ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል ተብሏል። ቅድም ለአንድ ውርወራ ሊደባደብ የነበረው ሰውዬ ካፌው በር ላይ "ወገን፣ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ!" አለ። "ኧረ ተው፣ እኔ ነኝ፣ አምስተኛው ላይ ሰባት ነው የወረወርኩት፣ ዋሽቼ ነው" አለ ሌላው፣ አሰልጣኙ ሳይቀር "እኔማ ጭራሽ አንድም አላገባሁም" ብሎ ዋሌቱን አወጣ፣ ካሸሯ ሶስት ካርድ ፊቷ ተዘርግቶ የቱን ልውሰድ ብላ ግራ ገብቷታል። ጋሼ ቅድም ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብለው ሲሄዱ ከፍለው ነበር።