ፊርማችን ይባረክ

በአፍሪካ ቀንድ እንደ ፊርማ የሚተጋ ሠራተኛ የለምና ዛሬ ብዕሬን የማነሣው እርሱን ለማመስገን ነው። የቀጣናው አገሮች እህልና ከብት መለዋወጥ ቢያቅታቸው ማኅደር በመለዋወጥ ግን ማንም አይደርስባቸውም። ሥርዓቱን ያየ ሁሉ ይመሰክራል፦ ሁለቱ ሚኒስትሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው የቆመው የፕሮቶኮል ሠራተኛ የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ ያሳያል፤ ከዚያም የካሜራው ብልጭታ እስኪያበቃ ድረስ የተጨባበጡት እጆች አይላቀቁም። መግለጫው «ታሪካዊ» የሚለውን ቃል ከዘነጋ ባለሙያው ሊጠየቅ ይገባዋል።

ጥንቃቄያችንም የሚደነቅ ነው። የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሆነው ኮሜሳ እ.ኤ.አ. በ2000 ነጻ የንግድ ቀጣናውን ሲጀምር ጎረቤቶቻችን ጅቡቲ፣ ኬንያና ሱዳን ከመጀመሪያዎቹ 9 አገሮች መካከል ሆነው ገቡ፤ እኛ ግን የማኅበሩ አባል ሆነን ሳለ ከቀጣናው ውጭ ቀረን። ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ገበያው ላይ አለመገኘት ቀላል ጥበብ አይደለም።

ከኬንያ ጋርማ ያልፈረምነው ምን አለ? ከኬንያው የላሙ ወደብ የሚነሣው ኮሪደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ሦስት መሪዎች በተገኙበት ተበሠረ፤ በዚያው ዓመት የልዩ ግንኙነት ስምምነት ተከተለ፤ በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የጭነት መኪና ሁለት ጊዜ ከሚፈተሽ አንድ ጊዜ እንዲፈተሽ የሞያሌ የጋራ ኬላ በሁለት መሪዎች ተመረቀ። አብዛኛው ዕቃችን ዛሬም በጅቡቲ በኩል መግባቱ የሪባኑን ውበት አይቀንስም።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስተናል። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የሚያገናኘን የዛላምበሳ ድንበር ሲከፈት ሕዝቡ ተቃቅፎ አልቅሶ ሲያበቃ፣ ታሪፉም ሆነ የምንዛሪው ተመን ሳይወሰን፣ ጤፉንና ሲሚንቶውን ጭኖ መነገድ ጀመረ። ንግድ ከሰነድ ሲቀድም ምን ያህል ነውር እንደሆነ አስቡት! ደግነቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንበሩ ተዘግቶ ሥርዓት ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ክብር የሚያጎድፉት ኮንትሮባንዲስቶች ናቸው። አንድም ጉባኤ ሳይጠሩ፣ አንድም የጋራ ኮሚቴ ሳያቋቁሙ፣ ስኳሩን፣ ሩዙን፣ የምግብ ዘይቱንና ልባሽ ጨርቁን በሌሊት ያሻግራሉ፤ በሶማሌ ክልል በኩል የቁም ከብቱን እስከ ሶማሌላንዱ የበርበራ ወደብ ይነዳሉ። የሞያሌው ነጋዴ ጠዋት በብር፣ ከሰዓት በሺሊንግ ሲያሰላ የማዕከላዊ ባንኮችን የጋራ የቴክኒክ ቡድን አይጠብቅም። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ እየቀላቀለ ሲከራከር አስተርጓሚ አይከፍልም፤ ዱቤውም ያለ ውልና ያለ ማኅተም በሽማግሌ ዋስትና ድንበር ይሻገራል። መንግሥት ቀረጥ ያጣል፣ ሐቀኛው አስመጪ ይከስራል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ባለሥልጣኖቻችን «የቀጣናው የኢኮኖሚ ውሕደት» ሲሉ የሚገልጹት ነገር በሥራ ላይ ውሎ የሚታየው እነዚህ ዘንድ መሆኑ ለዲፕሎማሲው ክብር የሚመጥን አይደለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ በሚቀጥለው የመሪዎች ጉባኤ ኮንትሮባንዲስቶቹ በታዛቢነት ይጋበዙ፤ አበላቸውም እንደ ሌሎቹ ልዑካን በዶላር ይታሰብላቸው። የምፈራው ግብዣውን እንዳይቀበሉ ብቻ ነው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል።