ላዳዬን መልሱልኝ

ኧረ በናታችሁ፣ ይሄን ነገር ካልተነፈስኩት ሊያፈነዳኝ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የአዲስ አበባን የድሮ ላዳ ታክሲ፣ ያቺን ሰማያዊና ነጯን፣ በሌጎ፣ በእነዚያ በሚገጣጠሙት የፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች፣ ዲዛይን አደረግኳት። መጀመሪያ ወርዷን ስድስት ጉብታ (ጡቦቹ አናት ላይ ያሉት ክብ መያያዣዎች) አድርጌ ሞከርኩ። ክብ መብራቶቿና ፍርግርጓ አብረው አልገባ አሉ። ሌጎ ኩባንያውም ቢሆን ስፒድ ቻምፒየንስ የሚላቸውን መኪኖቹን በ2020 ከስድስት ወደ ስምንት ያሰፋው ወዶ አይመስለኝም። ስምንት አደረግኳት፣ ፊቷ መጣ።

ያቃጠለኝ ኮፈኑ ነው። ኮምፒውተር ላይ የፈለግከውን ቁራጭ በፈለግከው ቀለም ታስቀምጣለህ፣ ልትገዛ ስትል ግን ያ ቁራጭ በዚያ ሰማያዊ ጭራሽ ተሠርቶ አያውቅም! ሦስት ስስ ቁራጭ ተደራርቦ የአንድ ጡብ ቁመት ስለሚሆን፣ እነሱን እየደራረብኩ እንደ አዲስ ሠራሁት።

ይሁን። የአገጣጠሟን መመሪያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቀቅኩት። ምስጋና አልጠበቅኩም (እሺ፣ ትንሽ ጠብቄ ነበር)። በሳምንቱ አንዱ ስሜን ቆርጦ አውጥቶ ሲቸበችበው አገኘሁት። ታርጋዋ ላይ የልጄን የልደት ቀን ነበር የጻፍኩት፣ ሰውዬው እሱን እንኳን አልነካውም! ብጽፍለት «ወንድሜ፣ አንተስ ከላዳ አይደል እንዴ የኮረጅከው?» አይለኝም?

ሌላው ደግሞ በውስጥ መስመር መጥቶ «መመሪያው ደርሶኛል፣ ቁራጮቹን መቼ ነው የምትልክልኝ?» ይለኛል። አድራሻውን ሁሉ ጽፏል።