እርማት፦ ለኬጂ መምህርነት ልጅ መውደድ ብቻ አይበቃም

እህቴ፣ «ሕፃናትን ለማስተማር ልጅ መውደድና ፊደል ማወቅ ይበቃል፤ የተሻሻለው የአሜሪካኖቹ መስፈርትም የሚለው ይህንኑ ነው» ያልሽው ልክ አይደለም። እዚህ ድሬዳዋ ብዙ ሰው እንዲህ ስለሚያስብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሕፃናት ትምህርት ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መስፈርት ከልደት እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚያስተምሩትን ይመለከታል። 6 ዘርፎች አሉት፤ የትምህርት ይዘት ማወቅ አንዱ ብቻ ነው። የልጅ እድገት፣ ከቤተሰብ ጋር መሥራት፣ ለዕድሜና ለባህል የሚስማማ አሠራር፣ ሙያዊ ኃላፊነትም አሉበት።

ለእኔ ትልቁ ግን ልጅን አስተውሎ ያዩትን መጻፍ የሚለው ዘርፍ ነው። እዚሁ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ክፍል አስቢ። ቤቱ ሶማልኛ የሚናገር የ4 ዓመት ልጅ በአማርኛ «ስንት ነው?» ሲባል ጭጭ ይላል። ግቢ ውስጥ ግን ጠጠር እየደረደረ በሶማልኛ እስከ 10 ይቆጥራል። ያላስተዋለች መምህርት «ቁጥር አይችልም» ብላ ትጽፋለች። ያስተዋለችው ግን የጎደለው አማርኛው ብቻ እንደሆነ ትለያለች፤ እናቱንም ጠርታ ታነጋግራለች። ይህ ሥልጠና ይጠይቃል።

በእርግጥ መስፈርቱ የወጣው ለእነሱ ነው፤ እኛን አያስገድድም። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ አንድ ምንጣፍ ላይ ለሚቀመጡባት ድሬ ግን ይህ ዘርፍ በጣም ያስፈልጋል።