ክርክር፦ ለወፍ ሲባል የሰው እርሻ ይገባል?

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ ወፍ ተመልካች በግል እርሻ ዳርቻ ለመሄድ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት? "የለበትም" የምትለው ወፍ በማየት ብዙ ዓመት ያሳለፈች ተመልካች ናት። "አለበት" የሚሉት ደግሞ ስንዴና ሳር የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው።

ተመልካቿ፦

ጋሼ፣ እኔ ከገበሬ ጋር ጠብ የለኝም። ግን በየእርሻው በር "መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ እየበዛ ነው፣ ሰሌዳው ደግሞ እኔንና ሌባውን አይለይም። እኔ ማሳው መሃል ልግባ አላልኩም። የምፈልገው ዳሩን ነው፣ ያቺን ያልታረሰች ቀጭን መስመር። ቁጥቋጦው እዚያ ነው፣ የአረሙ ዘር እዚያ ነው፣ ትሉም እዚያ ነው፤ ስለዚህ ወፉም እዚያ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ ማንም ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ አብዛኛው የግል መሬት ላይ መሄድ ይችላል። ስዊድንም ተመሳሳይ መብት አላት። ሰማይ አልተደፋባቸውም። ወፍ አጥር አያውቅም። ዛሬ እርስዎ ማሳ ላይ ያደረችው ነገ ጎረቤትዎ ዘንድ ናት፣ ከወር በኋላ ሌላ አህጉር። የማንም ያልሆነችን ፍጥረት ለማየት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?

ገበሬው፦

እህቴ፣ ወፍ አጥር አያውቅም አልሽ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ወፏ በር ከፍታ ሳትዘጋ አትሄድም፣ ስንዴ ረግጣም አታልፍም። አንዱ ዛፌ ላይ ያለ የጉጉት ጎጆ ፎቶ ከነሎኬሽኑ ለጠፈና ሳምንት ሳይሞላ የማላውቃቸው ሰዎች ክንድ የሚያህል ካሜራ ተሸክመው ዳሬ ላይ ተደረደሩ። ከመሃላቸው አንዱ የግጦሹን በር ከፍቶ ሄደ፣ ከብቶቼ ስንዴው ውስጥ ገቡ። ማን ከፈለኝ? ይቅርታ ያለኝ እንኳን የለም።

የስኮትላንዱን ሕግ ደግሞ ግማሹን ነው የነገርሽን። ያ ሕግ ሰብል የተዘራበትን መሬት ከመብቱ ያወጣዋል። የራሳችሁ ሰዎች፣ የአሜሪካ ወፍ ተመልካቾች ማኅበር፣ በሥነ ምግባር ደንባቸው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የግል ይዞታ አትግቡ ይላሉ። እኔ ከዚህ የተለየ ምን አልኩ? በሽታም አለ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ ሲገባ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ፣ በእርሻ ውስጥ የሚያልፉት የእግር መንገዶችም ተዘጉ። በሽታው በጫማ ጭቃ ስለሚሄድ ነው። አንቺ ከሌላው እርሻ ወጥተሽ በቀጥታ ወደ እኔ ስትመጪ ጫማሽን የት ታጥቢያለሽ?

ተመልካቿ፦

ስኮትላንድን ግማሹን የነገረን ማን እንደሆነ እንይ። ሕጉ የተዘራውን ያስወጣል፣ እውነት ነው። ሰብል የበቀለበትን ማሳ ዳር ግን አያስወጣም! እኔም ከመጀመሪያው ዳሩን ነው ያልኩት፣ ከፍ ብለው ያንብቡት።

ጎጆውን የለጠፈው ሰው እኔ አይደለሁም፣ የእሱን ዕዳ ለምን እንደምከፍል አይገባኝም። እኛ ዘንድ ጎጆ ከነቦታው መለጠፍ ነውር ነው። ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ኢበርድ የሚባለው ድረ ገጽ እንኳን ሰው ሊገድላቸው ወይም ሊረብሻቸው የሚችሉ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ ለሕዝብ አያሳይም። ፈቃድ ጠይቂ፣ በር አንኳኪ ማለት ደግሞ በአፍ ቀላል ነው። የቱን በር? ባለመሬቱ ከተማ ይኖራል፣ ተከራዩ "እኔ አያገባኝም" ይላል፣ ጠባቂው ገና ባይኖኩላሩን ሲያይ ምን ልትሰልይ መጣሽ ብሎ ያባርራል። ወፏ እስከዚያ አትጠብቀኝም። ፈቃድ የምትሉት ነገር በተግባር ክልከላ ነው።

ገበሬው፦

ልጄ፣ አጥር የማታውቀውን ወፍ ትተሽ አሁን ጠባቂው ላይ መጣሽ። የእኔ በር የሚታወቅ ነው፣ ቤቴ እዚያው ነው። አንድም ሰው አላንኳኳም።

እሺ፣ ዳሩን ብቻ ነው የምትይው። ዳሩ ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ድርጭት መሬት ላይ ነው የምትጥለው፣ ጭረት ጉድጓድ ውስጥ፣ ሳሩ ሥር። እንቁላሉ አፈር ስለሚመስል ከእግርሽ አንድ ስንዝር ቢርቅም አታዪውም። አንድ ሰው ስፒከር ይዞ መጥቶ እዚያው የድርጭት ድምፅ ሲያጫውት አይቻለሁ። ወንዱ ድርጭት ሌላ ወንድ ክልሉን ሊቀማው የመጣ መስሎት እየተራወጠ ይጮሃል፣ ሰውየው ያጠፋል፣ መልሶ ይከፍታል፣ አሁንም ያጠፋል። ሴቷ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሄደች። ቁራ ይህን ሁሉ ከዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ሰው ከየት እንዳስነሳት ያውቃል፣ እንቁላሉን ሊበላ ይመጣል። "በኃላፊነት" የምትይው ይህን ነው? ሰውየውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እናንተ ትመጣላችሁ፣ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ወፏን ዓመቱን ሙሉ የምጠብቃት እኔ ነኝ።

ተመልካቿ፦

በመጀመሪያ ልጄ ማለቱን ይተዉት፣ እዚህ የተቀመጥኩት ለምክር አይደለም።

"የምጠብቃት እኔ ነኝ" አሉ። እስቲ እዚህች ላይ እንቁም። አውሮፓ ውስጥ የእርሻ መሬት ወፎች ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ተመራማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ብለው ያስቀመጡት ባይኖኩላርን አይደለም፣ ስፒከርንም አይደለም። ፀረ ተባይና ማዳበሪያ እየበዛ የሄደበትን የእርሻ ዘዴ ነው። ትሉ ሲሞት ጫጩቷ የምትበላው የላትም። የጠበቋት እርስዎ ከሆኑ የት ሄደች?

አጨዳውንም ላንሳ። ማሽኑ ከዳር ጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ሲገባ ጫጩቶቹ ካልታጨደው ሳር መውጣት ስለሚፈሩ አብረው ወደ መሃል ይሸሻሉ። በመጨረሻ የምትቀረዋ ቁራጭ ሳር ውስጥ ተጠራቅመው ምላጩ ያገኛቸዋል። ኮርንክሬክ የምትባለው ወፍ ከብዙ የአውሮፓ ሜዳዎች የጠፋችው በአብዛኛው በዚህ ነው። ስፒከር ይዞ የመጣውን አንድ ሰው አባረሩ፣ ጥሩ አደረጉ፣ እኔም ባባርረው ደስ ይለኛል። ማሽኑን ግን ማን ያባርረዋል?

ገበሬው፦

አሁን ደግሞ ገዳይ ሆንኩ። እኔ በዚህ መሬት ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ድርጭት ስትጮህ የሰማሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስባል ያመኛል።

ስለ ሳሩ ልንገርሽ። ሳር ቀኑ አለው። ካለፈበት ይደርቃል፣ ግንዱ ይጠነክራል፣ ላሟ ብትበላውም ወተት አይሆናትም። ስኮትላንድ ውስጥ ለዚያችው ለኮርንክሬክ ብሎ አጨዳ ለሚያዘገይ ገበሬ መንግሥት ይከፍላል። ስለ መብታችሁ ስታወሪ ስኮትላንድ ትዝ አለችሽ፣ ስለ ክፍያው ግን አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ለእኔ ማን ይከፍለኛል? ባለካሜራዎቹ?

ተመልካቿ፦

ማዘግየት አላልኩም! ከመሃል ይጀምሩ ነው የምለው። ከመሃል ወደ ዳር ሲያጭዱ ጫጩቶቹ ከፊት ከፊት እየሸሹ ወደ ቁጥቋጦው ይወጣሉ። ቀኑም ያው፣ ሳሩም ያው፣ ማሽኑም ያው ነው። ምናልባት ጥቂት ነዳጅ ይጨምራል።

ጎጆው የት እንዳለ የሚነግርዎት ሰውም ያስፈልግዎታል፣ ከማሽን ላይ ተቀምጠው አያዩትማ። በኔዘርላንድ በጎ ፈቃደኞች ሜዳው ላይ እየዞሩ የመሬት ጎጆዎችን ይፈልጋሉ፣ ከገበሬው ጋር ተነጋግረው አጠገቡ ምልክት ይተክላሉ፣ ገበሬውም በማሽኑ ዞሮ ያልፈዋል። እኛን በር ላይ ስታስቆሙ ይህ ሁሉ ይቀራል። የሚጎዳው ደግሞ የእኔ መዝናኛ ብቻ አይደለም።

ገበሬው፦

ምን አልሽ? "ከገበሬው ጋር ተነጋግረው"። በራስሽ እጅ ጻፍሽው። እነዚያ ሰዎች አንኳኩ፣ ቡና እንኳን ሳይጠጡ አይቀርም፣ ከዚያ ገቡ። አንቺ ግን ከመጀመሪያው የማንን ፈቃድ ልጠይቅ ብለሽ ነው የተነሳሽው። ወፍ አጥር አያውቅም ብለው ዘለው ቢገቡ ኖሮ የትኛው ገበሬ ነው ማሽኑን የሚያዞርላቸው?

ከመሃል ማጨዱን አየዋለሁ። መሬቱ ተዳፋት የሆነበት ጋ አይሆንም፣ ሜዳው ላይ ግን ይሆናል። ይህንን የማደርገው ለድርጭቷ ነው፣ ክርክሩን አሸነፍሽ ብለሽ እንዳትሄጂ። ጎጆ መፈለግ ከፈለግሽ ከአጨዳው በፊት ነይ፣ ጫማሽን ታጥበሽ፣ በፊት ለፊቱ በር። ያገኘሽውን ለእኔ ትነግሪኛለሽ እንጂ የትም አትለጥፊም። አብሮሽ የሚመጣው ሰው ስፒከር ከያዘ ግን ሁለታችሁንም አላስገባም።