ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የኢንዴክስ ጥገና ስክሪፕት

ጉዳዩ፦ ሌሊት ሌሊት የባንካችንን ዳታቤዞች ኢንዴክስ (መረጃ ቶሎ የሚፈለግበትን ማውጫ) በማደስ ስለሚያበረክቱልን አገልግሎት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? መቼም እርስዎ ደህና ነዎት። ጠዋት ጠዋት ጆብዎ (በሰዓቱ በራሱ የሚነሣው ሥራዎ) አጠገብ የምትበራዋ አረንጓዴ ምልክት ትመሰክራለች።

ትናንት ሰኔ 30 ነበር። የበጀት ዓመት መዝጊያ፤ ሰልፉ ከመስኮቱ ተነሥቶ ደረጃውን ወርዶ ጥበቃው ጋ ደርሷል። እርስዎ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ እንደ ልማድዎ ዳታቤዞቹን በየተራ ሲጎበኙ አድረው፣ የሂሳብ እንቅስቃሴው ትልቁ ቴብል ላይ ሲደርሱ ፍራግመንቴሽኑ (የገጾቹ መበታተን) ከ30 በመቶ አልፏል ብለው ሪቢልድ፣ ማለትም ኢንዴክሱን እንደ አዲስ መገንባት፣ ጀመሩ። ዳታቤዙ ፉል ሪከቨሪ ላይ ነው፤ ለውጥ ሁሉ ሎጉ፣ ማለትም የለውጦች መዝገቡ፣ ላይ ሙሉ በሙሉ ይሰፍራል። አዲስ የሚሠሩት ገጽ ሁሉ ሎጉ ላይ ይጻፋል፤ ሥራው እስኪያልቅም ሎጉ አይጸዳም። ዲስኩ ጢም አለ። ስሕተት 9002 («ሎጉ ሞልቷል») መጣ፣ ሪቢልዱም ወደቀ። ሎጉን የሚያስለቅቀው ባክአፕ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነውና (ማን እንደዚያ እንዳዘዘ አይጠየቅም) እሱም ተከትሎ ወደቀ። እርስዎ ግን ስሕተቱን ዋጥ አድርገው ወደሚቀጥለው ዳታቤዝ አለፉ። አረንጓዴ!

ሎጉ የሞላ ዳታቤዝ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ስለዚህ ቴለሯ የደንበኛውን ቀሪ ሂሳብ እስከ ሳንቲሙ ታያለች፤ አንድ ብር መክፈል ግን አትችልም። ሥራ አስኪያጁ ከሰርቨር ክፍል ጠርተው አወጡኝና ሰልፉ ፊት አቁመው፣ «የሲስተሙ ሰው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት» ብለው ቢሯቸው ገቡ። ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉ እናት ቀረብ አሉኝ።

«ልጄ፣ ገንዘቤ አለ?»

«አለ፣ እማማ። ይታያል።»

«ከታየ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ስጠኛ!»

ሰልፉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «በልተውት ነው!» አለ። ስለ ትራንዛክሽን ሎግ ለእማማ ምን ብዬ ላስረዳ?

ስማ እንግዲህ። የክፍለ ከተሞች ስም ዝርዝር፣ አንዲት 8 ኪሎባይት ገጽ የማትሞላ ቴብል፣ በየሌሊቱ ሪቢልድ ታደርጋታለህ። ከ1000 ገጽ በታች ያለውን ተወው የሚለውን ምክር ዓለም ሁሉ ሰምቶታል፤ አንተ ብቻ አልሰማህም። ዲስኩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደቀረ ሳታይ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብህ ሳታውቅ፣ የሰው ደመወዝና የሰው ቁጠባ ያለበትን ቴብል ትከፍታለህ። ወድቀህም «ተሳክቷል» ትላለህ። ብትወድቅ እኮ እችልሃለሁ፤ የማልችለው ውሸትህን ነው! ቀይ ብታበራልኝ ኖሮ ቢሮው ሳይከፈት ደርሼ ነበር።

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ ወደ ወጉ ልመለስ።

በSQL Server ስታንዳርድ ኤዲሽን ላይ ኦንላይን ሪቢልድ (ቴብሉ ሳይቆለፍ የሚሠራው) እንደሌለ ስለሚያውቁና ቴብሉን ቆልፈው ስለሚሠሩ፣ ሌሊት ሪፖርት የሚያወጡት ባልደረቦቼ ሰላምታ ያቀርቡልዎታል። የጻፈዎት ሰውም ባሕር ማዶ ሆኖ ደህና ነው፤ «አትንኩት» የምትለዋ ማስታወሻው አሁንም ከላይ አለች።

በእርስዎ ቦታ ስዊድናዊው ኦላ ሃለንግረን በነጻ ያስቀመጠውን ስክሪፕት ለመተካት ካሰብኩ ቆይቷል። ፍራግመንቴሽኑ ከ5 በመቶ በታች የሆነውን አይነካም፣ ከ1000 ገጽ ያነሰውን ይዘላል፣ ሲወድቅም ወደቅሁ ይላል። ግን የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። ቅጹ እንደ ድሮው ወረቀት አይደለም፣ ሲስተም ላይ ነው። የቅጹ ዳታቤዝ ደግሞ ስሙ መካከል ሰረዝ ያለበት ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ካሬ ቅንፍ ውስጥ ካልገባ ትእዛዙ ይወድቃል፤ የሚያስገባልዎ ስላልነበረም፣ ከተቀጠሩ ጀምሮ አንድም ሌሊት ያልጎበኙት እሱን ብቻ ነው። «ላክ» የምትለዋን ከተጫንኩ ቆየሁ፤ አሁንም እየዞረች ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሎግ ዲስኩ (ቦታ ካለው)