የጥናት ጽሑፍ አፈላለግ ለብቻው ይሰጥ ወይስ በየትምህርቱ ውስጥ?

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ዳታቤዝ (የጥናት ጽሑፎች የሚፈለጉበት የኢንተርኔት ማውጫ) መጠቀምንና ምንጭ መመዘንን በላይብረሪ፣ ራሱን በቻለ ኮርስ ይማሩ? ሁለት የሀዋሳ ሰዎች፣ ለብቻው ይሰጥ የምትል አንዲት ላይብረሪያንና በየትምህርቱ ውስጥ ይሰጥ የሚል አንድ የእርሻ መምህር፣ በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

ላይብረሪያኗ፦ ይማሩ እንጂ! ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት ያለቀውን የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። እኔ የማየው አጀማመሩን ነው። ተማሪው ስልኩን አውጥቶ ርዕሱን እንዳለ ጎግል ላይ ይጽፋል፣ መጀመሪያ የመጣለትን ይገለብጣል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ የፈጠረለትን ጽሑፍ ከነደራሲው ስም ይዞ መጥቶ "ፈልጊልኝ" ይለኛል። የሌለ ነገር ከየት ላምጣ?

ያለው ደግሞ ጠያቂ አጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪ የተባለውን የጤና፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 አጎራ የተባለውን የእርሻ ጽሑፎች ማግኛ ሲጀምሩ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች ያሉ ተቋማት ውድ ጆርናሎችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያነቡ ብለው ነው። እኛን ይመለከታል።

ፍለጋው ራሱም ሙያ ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን እንይ። ባክቴሪያው ለረጅም ጊዜ ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ ሲባል ቆይቶ አሁን ዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ተብሏል። በአዲሱ ስም ብቻ የፈለገ ተማሪ ብዙ የቆየ ጥናት ያመልጠዋል። ሁለቱን ስሞች መሃላቸው "ኦር" (በእንግሊዝኛ "ወይም" ማለት ነው) አስገብቶ ቢፈልግ ግን በአንዴ ያገኛቸዋል። ይህን ማን ነገረው?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ምሳሌሽ እኮ ለእኔ ነው የመሰከረው። ባክቴሪያው ስሙን እንደቀየረ የሚያውቀው በሽታውን የተማረ ሰው ነው። ገና ምን እንደሚያጠና ያልወሰነ ልጅ "ኦር" ብታስተምሪው ለፈተና ሸምድዶ ይረሳዋል። ርዕስ ሲይዝና ሲጨንቀው ይማር።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ተማሪዎች ዳታቤዝ ውስጥ የገባ ሁሉ እውነት ይመስላቸዋል። ላንሴት የተባለው ትልቅ የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ጽሑፍ አወጣ። ጥናቱ የ12 ሕፃናት ነበር። ጆርናሉ የሰረዘው በ2010 ነው! እስከዚያ ድረስ ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ የፈለገ ሁሉ ያገኘው ነበር።

ደግሞስ ተመርቆ ዳሌ ወረዳ በልማት ሠራተኝነት ሲመደብ የካምፓሱ የይለፍ ቃል አብሮት ይሄዳል? እዚያ የሚደርሰው ስለ ፀረ ተባይ የተጻፈ የቴሌግራም መልእክት ነው። ማን ጻፈው? ሻጩ ይሆን? ሌላ ቦታስ ምን ተባለ? የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ መረጃ ማጣራት ሥራቸው የሆኑ ሰዎች ከታሪክ ምሁራንም በልጠው ተገኝተዋል። ምሁራኑ ገጹ ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ፣ አጣሪዎቹ ቶሎ ወጥተው ሌሎች ስለዚያ ገጽ የሚሉትን ይፈልጉ ነበር። እኔ ይህ ልማድ እንዲተርፋቸው ነው የምፈልገው።

ላይብረሪያኗ፦ እኔስ ምን አልኩ? ምንጭ መመዘን የኮርሱ ግማሽ ነው። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ላይ የተሰረዘ ጽሑፍ መሰረዙ በግልጽ ይጻፍበታል፣ ያንን ማየትም በትምህርት ነው የሚመጣው። የይለፍ ቃል የማይጠይቁም አሉ፤ የጥናት ጽሑፎችን በሚፈልገው ጎግል ስኮላር ላይ ብዙ ጽሑፎች ከጎናቸው በነፃ የሚወርዱበት ሊንክ አላቸው። ልማት ሠራተኛውም ዳሌ ሆኖ ይከፍተዋል፣ ኔትወርክ ካለ።

"በየትምህርቱ ውስጥ ይሰጥ" ሲሉ ግን የትኛው መምህር ነው የሚሰጠው? ሁሉም ምዕራፍ አላለቀልኝም እያለ ይሮጣል። ለሁሉም የተተወ ሥራ ባለቤት የለውም።

መምህሩ፦ የሥራው ባለቤት አንቺ ሁኚ፣ ቦታው ግን የእኔ ክፍል ይሁን። ተማሪዎቼ ፕሮፖዛል ሲጀምሩ ሁለት ክፍለ ጊዜ እለቅልሻለሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የጠቀሰውን ጽሑፍ ለምን እንዳመነው በአንድ አንቀጽ ይጽፋል፣ ማርክም አለው።

ላይብረሪያኗ፦ እመጣለሁ፣ በደስታ። ፕሮፖዛል የሚጀምሩት ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። እስከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያስገቡትን አሳይንመንት ከየት እየገለበጡ እንዲሠሩት ነው የሚፈልጉት?