ሐይቁን የሚያውቁት ሰዎች

ባለቤቴ ሠዓሊ ናት። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ መኖር ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት አለፈን። ዘንድሮ ከጥር እስከ መጋቢት ሐዋሳ፣ እናቷ ቤት ነበርን። ሁለት ሥዕሎቿን ከእንጨታቸው ፈትተን፣ ሸራውን ጠቅልለን ይዘን ገባን። አንድ ደግሞ እዚያው ሠራች። ከሠራቻቸው ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው እነዚህን ሦስቱን ነው።

የመጀመሪያው አሞራ ገደል ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ። ጎህ ሲቀድ፣ ጀልባ ሲገባ። አንዲት ሴት ቁጢጥ ብላ ዓሣ ታጥባለች። ክንዷ ላይ የተጣበቀው ቅርፊት ያብለጨልጫል። ከኋላዋ አንድ ልጅ መረብ ተሸክሟል። ባለቤቴ ይህንን የሠራችው ሚኒያፖሊስ፣ የቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 25 ነበር። እኔ ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ግን ሌላ ነው። ገና ሳንጋባ እዚያው አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ አቀረበችልኝ። ፈራሁ። «ብላ፣ ምንም አትሆንም» አለችኝ። በላሁ።

አሜሪካ አንዴ ለሕዝብ አሳይታው ነበር። ሰዉ ጨዋ ነው። ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ከጎኑ የተጻፈውን ያነባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። «ምንን ይወክላል?» ይላታል። «ዓሣ እያጠበች ነው» ትላለች። ሌላ ነገር እስክትጨምር ይጠብቋታል። ደግሞ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሥዕል በገንዘቡ ገዝቶ ቤቱ የሚሰቅለውም እዚያ ያለው ሰው ነው። ቀለሟንና ሸራዋን የምትገዛው በእነሱ ብር ነው።

ሐዋሳ ላይ ሥዕሉን መጀመሪያ ያዩት ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡና ሊጠጡ መጥተው፣ ሲኒያቸውን እንደያዙ ተጠጉት። አፍንጫቸው ሸራውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ልጄ፣ ይሄ መረብ ደርቋል» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ጎህ ላይ ከሐይቅ የወጣ መረብ እንዲህ አይነፋም። ይከብዳል። ልጁን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለዋል። ውሃው በጀርባው ይወርድበታል።»

ባለቤቴ ዝም አለች። ማታ ሁላችንም ስንተኛ መብራት አብርታ ተቀመጠች። ጠዋት ስነሳ ልጁ ጎብጧል። ጀርባው ርሷል። እዚያ አገር ብዙ አድናቆት ሰምታለች፤ እንዲህ የሚያርማት ሰው ግን አላገኘችም። ሚኒሶታ ከ10,000 በላይ ሐይቅ አላት። በአንዱም ዳር የእኛ መረብ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚነግረን ሰው የለንም።

ሁለተኛው አባ ኮዳ ነው፤ ያ ትልቁ የሐዋሳ ወፍ። ዝናብ እየመታው የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ቆሟል። ራሱ በራ፣ አንገቱ ሥር ያ ኮሮጆው ተንጠልጥሏል። የሠራችው አባቷ ባረፉ በሁለተኛው ወር ነው። በወረቀት ጉዳይ ለቀብር መምጣት አልቻልንም ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሥዕሉ ስድስት ዓመት ሳሎናችን ተሰቅሎ ኖረ። እኔም እንግዳውም ወፍ ነው የምናየው። እናቷ ሸራው ገና ሲዘረጋ ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

«አባትሽን ነው የሠራሽው» አሉ። «ሲበርደው ትከሻውን እንዲህ ነበር የሚሰበስብ።»

ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቡና እየጠጣሁ አየዋለሁ፤ አንድም ቀን አልታየኝም።

እማማ ወዲያው አናጺ አስጠርተው ሰቀሉት። ከጣሪያው ሥር፣ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕልና ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ ጎን፣ ወደ ፊት ዘንበል አድርገው። አሜሪካ ሥዕል የሚሰቀለው ዓይን ትክክል ነው። ያም ሆኖ ይሄኛው ከፍታ ላይ ሆኖ ቤቱን ሲጠብቅ ደስ ብሎኛል።

ባለቤቴ አንድ ስጋት አለባት። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልዶ፣ በስደት ላይ እያለ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ነው ያረፈው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። «የእኔዎቹን ማን ያመጣቸዋል?» ትለኛለች። ምድር ቤታችን በተጠቀለለ ሸራ ተሞልቷል። ለዚህ ነው አባ ኮዳውን ትተነው የሄድነው። ዓሣ አጣቢዋንም እማማ አልለቅም አሉ።

ሦስተኛውን በረንዳ ላይ ነው የሠራችው። ሸራ አጣን። አቡጀዲ ገዛን፣ አናጺው እንጨት ላይ ወጠረልን፣ እሷ ኮላና ነጭ ቀለም ቀባችው። የሐዋሳ ፀሐይ አክሪሊክ ቀለሙን ከብሩሹ ሳይወርድ ታደርቀዋለች። በዚያ ሙቀት ቁጭ ብላ የሠራችው በረዶ ነው። ውሃው የጋገረ ሐይቅ፣ የተበሳ ጉድጓድ፣ ባልዲ ገልብጦ የተቀመጠ ሽማግሌ። ሚኒያፖሊስ በገባን በመጀመሪያው ክረምት ያየነው ሰው ነው። በረዶው ላይ ለመርገጥ ፈርታ ቆማ ነበር። ሰውዬው ውፍረቱን በእጁ ለክቶ አሳያት። 10 ሳንቲ ሜትር ከሞላ ሰው ይሸከማል አላት። እጄን ጨብጣ ገባች። ጣቶቼ እስኪያሙኝ ነበር የጨበጠችኝ።

«እዚያ እያለሁ በረዶ መሥራት አስቤ አላውቅም» አለችኝ። «እዚህ ስመጣ ናፈቀኝ መሰለኝ።»

ጎረቤታችን ይሄኛውንም መጥተው አዩት። አሁንም ሲኒያቸውን እንደያዙ።

«ዓሣው ከሥር አለ?»

«አለ ጋሼ። ከሥሩ ውሃ ነው።»

«እሱም ማልዶ ነው የሚወጣው?»

«ማልዶ ነው።»

ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ በጣታቸው የሽማግሌውን እጅ አሳዩዋት።

«እንግዲያው እጁን አርጥቢው» አሉ።

ባለቤቴ ብሩሿን አነሳች።